የወይዘሮ አንጓች እንጨት

ይህን ያጫወቱኝ ሰዎች የአገሪቱን ስም አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ከሰፊ ሐይቅ ዳር ያለች፣ ክረምቷ የሚበረታ፣ ሰዎቿ ሕንፃ የሚወዱ አገር ነበረች ብቻ አሉኝ። እኔም እንደሰማሁት አወራችኋለሁ፤ የራሴን ከጨመርኩበትም ጥቂት ነው።

በዚያች አገር አዳራሽ ወይም መጋዘን ወይም የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራ የፈለገ ሰው ከሐይቁ ማዶ ከሚኖሩ ሰዎች ወርቅ ይበደራል። እነዚያን ሰዎች ባለወርቆች ይሏቸዋል። ከተበዳሪዎቹ በዓይኑ ያያቸው አንድም ሰው የለም። ወርቁ ሲመጣም፣ ዕዳው ሲመለስም የሚያልፈው በመካከል በቆመ በአንድ ቤት በኩል ነው። ስሙ የአደራ ቤት ይባላል። የአደራ ቤት አበዳሪ አይደለም፤ ተበዳሪም አይደለም። ከዚህኛው ይቀበላል፣ ለዚያኛው ያሻግራል፣ በመካከል ያለውን ይጠብቃል። ለድካሙም ከሚያልፈው ሁሉ ቆንጠር ያደርጋል።

ባለ ሕንፃ ሁሉ ከዕዳው ሌላ በየክረምቱ መግቢያ የጥገና እንጨት ያስገባ ነበር። ምክንያቱ መልካም ነው። ሕንፃው የዕዳው መያዣ ስለሆነ፣ ሕንፃው ከፈረሰ መያዣው ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሲሰበር የሚጠገንበት ጥሩ የዝግባ እንጨት አስቀድሞ ይከማች ተባለ፤ ማንም አልተቃወመም። እንጨቱ የባለ ሕንፃው ነው። የሚቀመጠው ግን በአደራ ቤት መጋዘን ነው፤ የሚወጣውም አምስቱ ሹሞች ሲፈቅዱ ነው።

የበላያቸው ሊቀ አደራ ወንድይፍራው ነበሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሰው አይቆጡም፤ ስብሰባ ሲከፍቱ ሁልጊዜ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» ይላሉ። የመቀበል ሹሙ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ የእሱ መስኮት ሰፊ ነው፤ ምድር ቤት ነው፤ በበዓል ቀን እንኳ አይዘጋም። የስጋት ሹሙ አቶ አሰጋኸኝ ሥራቸው ስለ ቤቱ ሆነው መስጋት ነው፤ ሌላው ሰው እንዲረጋጋ እሳቸው ይሰጋሉ። ወይዘሮ ትርንጎ የወደቀ ነገር ሹም ናቸው። አንድ ሕንፃ ሲወድቅ ጉዳዩ ወደ እሳቸው ይተላለፋል፤ ከወደቀውም አሥራቱ ለክፍላቸው ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም። ሕንፃ እንዲወድቅ አይመኙም፤ እንዳይወድቅ የሚመኙበት ምክንያት ግን ማንም አልሰጣቸውም። አምስተኛው የፈቃድ ሹም ነው። ወንበሩ ብዙ ዘመን ባዶ ቆይቶ በቅርቡ ይርዳው የሚባል ሰው ተሾመበት። ይርዳው ከታች ሆኖ ሲያገለግል የኖረ፣ ጭምት፣ ሰው ሲያናግረው ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። የሹመቱን ካባ የለበሰ ዕለት እናቱ ከጎረቤት ቤት ጎረቤት ቤት እየዞሩ አልቅሰዋል፤ የደስታ ነው።

በቤቱ በር ላይ የአምስቱም ምስል በትልቁ ተስሎ ይታያል። ሁሉም ፈገግ ብለው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የተሳሉት።

የፈቃዱ ሥርዓት እንዲህ ነው። አንድ ነገር የሚፈቀደው አምስቱም እሺ ሲሉ ነው። በኋላ ነገሩ ከተበላሸ ግን የሚጠየቀው መጀመሪያ እሺ ያለው ሹም ብቻ ነው። ይህን ያወጡት ቀደምቶች፣ ሰው ሳያስብ እሺ እንዳይል ብለው ነበር። እንዳሰቡትም ሆነ፤ ማንም እሺ አላለም። አይሆንም የሚልም አልነበረም። በአደራ ቤት «አይሆንም» የሚል ቃል ተሰምቶ አያውቅም። «እየታየ ነው» ነው የሚባለው።

እንግዲህ በዚያች ከተማ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ባለ አዳራሽ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ አዳራሹንም ዕዳውንም ተረከቡ። ጨው ነጋዴዎች፣ ሸማ ሻጮች፣ ሸክላ የሚያወጡ ሴቶች በእሳቸው ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ይገበያያሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ዕዳቸውን ቀን አሳልፈው አያውቁም። የጥገና እንጨታቸውንም ራሳቸው እየመረጡ፣ እያንኳኩ፣ ድምፁ ጥሩ የሆነውን ብቻ ያስገቡ ነበር።

አንድ ክረምት ከባድ በረዶ ወረደና ጣሪያውን የተሸከመው ትልቁ አግዳሚ እንጨት ተሰነጠቀ። ወይዘሮ አንጓች ከሥሩ ድጋፍ አቆሙበትና ወደ አደራ ቤት ሄዱ። እንጨቴን አውጡልኝ፣ ጣሪያዬን ልጠግን አሉ።

ሹሞቹ ተሰበሰቡ። በአደራ ቤት ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት አንድ አዋጅ ነጋሪ ቆሞ የአምስቱን ሹሞች ታሪክ ይናገራል፦ የት እንደተማሩ፣ ስንት ዘመን እንዳገለገሉ፣ ምን ያህል ሕንፃ በእጃቸው እንዳለፈ። ሹሞቹ የራሳቸውን ታሪክ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ይህ ሲያልቅ ፀሐይዋ አናት ላይ ትደርሳለች፤ ምሳ ይበላል። ከምሳ በኋላ የወይዘሮ አንጓች ጉዳይ ተነሣ።

አቶ አሰጋኸኝ እንጨቱ ከወጣ ከዚህ የባሰ ስብራት ሲመጣ በምን ሊጠገን ነው ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ መልስ ተገኝቶለት አያውቅም፤ ከማንኛውም ስብራት የባሰ ስብራት ምንጊዜም ሊመጣ ይችላልና። የመቀበል ሹሙ እንጨት ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ወይዘሮ ትርንጎ አዳራሹ ገና ስላልወደቀ እሳቸውን እንደማይመለከት አስታወሱ። ይርዳው አዲስ ስለነበር ዝም አለ። በመጨረሻ ሊቀ አደራው ሁሉንም የሚያስማማ ሐሳብ አመጡ፤ ወይዘሮዋ የተሰበረውን አግዳሚ አምጥተው ያሳዩ።

ይህን ለወይዘሮ አንጓች የመንገር ሥራ የይርዳው ነበር። በመስኮቱ በኩል ነገራቸው። ወይዘሮ አንጓች አግዳሚው ከወጣ ጣሪያው እንደሚወርድ አስረዱት፤ ከሚያመጡት ይልቅ ሹሞቹ መጥተው እንዲያዩላቸው ለመኑ። ይርዳው ይህንንም ወደ ላይ ወሰደ። መልሱ በሥርዓቱ ላይ የነበረ ነው። ሹም ከቤቱ ወጥቶ ሕንፃ አያይም፤ ያየ ሰው ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ይጠየቃል። ጉዳዩ እየታየ ነው በሏቸው ተባለ። ይርዳውም ወርዶ እየታየ ነው አላቸው። ሴትዮዋ ደግመው መጡ፤ ደግሞ እየታየ ነው አላቸው። መጀመሪያ ቀና ብሎ እያያቸው ነበር የሚናገረው፤ በኋላ በኋላ መስኮቱን እያየ ሆነ።

በገበያ ቀን ይርዳው ካባውን ቤቱ አስቀምጦ ወደ አዳራሹ ሄደ። ለምን እንደሄደ ቢጠየቅ፣ ጨው ልገዛ ነው ሊል አስቦ ነበር። ወይዘሮ አንጓች ገና በር ላይ አወቁት። እጁን ይዘው ከአግዳሚው ሥር አደረሱትና ከድጋፉ ጎን ባለው መሰላል እንዲወጣ በአገጫቸው አሳዩት። ወጣ። ስንጥቁ እጅ ያስገባ ነበር። ከታች ሰው ጭነት ባወረደ ቁጥር እንጨቱ በጣቱ ላይ ይንቀጠቀጥበታል። ከላይ ሆኖ ሲያይ ሴቶች ሸክላቸውን ደርድረዋል፤ አንዷ ልጇን ድጋፉ ሥር አስተኝታለች።

ቀስ ብሎ ወረደ።

«እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ?» አላቸው።

«ያውቃሉ። የት ይሂዱ?»

«አንዳች ነገር ቢደርስስ?»

ወይዘሮ አንጓች አዩት። የእናቱ እኩያ ነበሩ፤ እስከዚያ ቀን «ጌታዬ» ነበር የሚሉት።

«ልጄ፣ እኔ ስጡኝ አላልኩም። መልሱልኝ ነው ያልኩት» አሉት።

ይርዳው ጨውም ሳይገዛ ተመለሰ። ለቀናት እህል አልወረደለትም። እናቱ ሥራው ከብዶት መሰላቸውና ሹመት እንዲህ ነው ብለው አጽናኑት። እሱ የሚያስበው ካባውን ነበር። ካባው ከተወሰደ እናቱ እነዚያን ጎረቤቶች ምን ብለው እንደሚያዩ ያስብና፣ ደግሞ ያ የተኛ ልጅ ይመጣበታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ የሹሞቹ ታሪክ ተነገረ፣ ምሳ ተበላ፣ የወይዘሮ አንጓች ጉዳይ እየታየ ነው ሊባል ሲል ይርዳው ተነሣና «እሺ» አለ።

የሚቀጥለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አዋጅ ነጋሪው ሊቀ አደራውን አየ፤ ሊቀ አደራው ጣሪያውን አዩ። ቆይተው ይርዳው ደክሞት እንደሆነ በፍቅር ጠየቁት። አልደከመኝም አለ። አቶ አሰጋኸኝ በምን አረጋግጦ እሺ እንዳለ ጠየቁት።

«አይቼዋለሁ። እጄን አስገብቼበታለሁ» አለ ይርዳው።

ሹሞቹ ትንፋሻቸው መለስ አለ። ካየ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ዳኛ አይሆንም፤ ስለዚህ እሺታው እንዳልተባለ ይቆጠራል። ነገሩ ያለ ምንም ቅያሜ ተዘጋ። ይርዳው ግን አልተቀመጠም። በጥንቱ ሥርዓት አንድ አንቀጽ እንዳለ አስታወሳቸው፤ ባለወርቆቹ ራሳቸው የፈቀዱትን ሹሞች መፍቀድ አያስፈልጋቸውም ይላል። ሄጄ ልጠይቃቸው አለ። ወደ ማዶ ሄዶ የሚያውቅ ሹም ስላልነበረ፣ አትሂድ የሚል ሕግም አልነበረም። ሊቀ አደራው መረቁት። እስኪመለስ ጉዳዩ እየታየ እንዲቆይ ተስማሙ።

በታንኳ ተሻገረ። በመንገድ ሁሉ ለባለወርቆቹ የሚናገረውን ቃል ሲመርጥ፣ እንዴት እንደሚሰግድ ሲያስብ ነበር። ማዶ ሲደርስ ያገኘው የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የጭቃ ቤቶች፣ የተሰቀለ መረብ፣ በደጃፋቸው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች። የባለወርቆቹ ግቢ የት ነው ብሎ አንዲት አሮጊት ጠየቀ። እማማ ድንቄ ይባላሉ፤ የዓሣ ሆድ እየከፈቱ ነበር። ቢላቸውን ጠራርገው እኛ ነን አሉት።

ቀልድ መሰለው። በኋላ መንደሩ ሲሰበሰብ ገባው። አንዱ ጡረተኛ ወታደር ነው፤ አንዱ ዓይኑ የደከመ ሸማኔ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት ከአደራ ቤት ሰዎች መጥተው፣ ለእርጅናችሁ ይሆናችኋል ብለው የእያንዳንዱን ቁራጭ ወርቅ ሰብስበው ሄደዋል። እማማ ድንቄ የሰጡት የሠርግ ጉትቻቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይመጣላቸዋል፤ በእሱ ነው የሚኖሩት።

«ባለ አዳራሾቹ የማይቻሉ ጌቶች ናቸው፤ አደራ ቤት ባይጠብቅላችሁ ወርቃችሁን በልተው ይጠፉ ነበር ይሉናል» አሉት እማማ ድንቄ።

ይርዳው መሬት መሬት አየ። እሱም በመስኮቱ በኩል ለባለ አዳራሾች፣ ባለወርቆቹ ጨካኞች ናቸው፤ እኛ ባንለምንላችሁ አንድ ቀን አያድሯችሁም ነበር ሲል ኖሯል። ማንንም አይቶ አልነበረም የተናገረው፤ ሲባል ሰምቶ ነው።

ስለ አዳራሹ፣ ስለ አግዳሚው፣ ስለ እንጨቱ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሲጨርስ እማማ ድንቄ ያልገባው ነገር እንዳለው ሰው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«እንጨቱ የራሷ ነው አልክ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኛን ለምን ትጠይቀናለህ?»

ወታደሩ ደግሞ አዳራሹ ከወደቀ እኛ ምን ልንበላ ነው አለ። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ አፍ መናገር ጀመሩ። በቃል የሚላክ ነገር በአደራ ቤት ቢጠፋስ ተባለና እማማ ድንቄ ራሳቸው እንዲሄዱ ተወሰነ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥቂት ደረቅ ዓሣ ቋጥረው ታንኳው ላይ ተቀመጡ።

እነሱ ሐይቁ ላይ ሳሉ ዝናቡ መጣ። ወይዘሮ አንጓች የእንጨቱን ሲቃ ሰምተው ሰዉን ሁሉ እየጎተቱ አስወጡ። እምቢ ያለውን ሰደቡ፣ የተኛውን ረገጡ። ሁሉም ከወጣ በኋላ አንድ የቀረ ሰው የመሰላቸው ድምፅ ሰምተው ተመልሰው ገቡ። የቀረች በግ ነበረች። ጣሪያው ያን ጊዜ ወረደ። በጓ ዳነች፤ የወይዘሮ አንጓች እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

አደራ ቤት በዚያ ዕለት ታይቶ በማይታወቅ ፍጥነት ሠራ። አዳራሹ ስለወደቀ ጉዳዩ ወዲያውኑ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ተላለፈ። እሳቸውም ዝናቡ ሳያባራ ሰው ልከው ፍርስራሹን በገመድ አሳጠሩ። የሚጠገን ነገር ስለሌለ የጥገና እንጨት የሚባል ነገርም የለም፤ ስለዚህ በመጋዘን ያለው ለቤቱ ይሆናል ተባለ። ሊቀ አደራው ስለ ቅልጥፍናቸው አመሰገኗቸው። በስብሰባ በሚነገረው ታሪካቸው ላይም አንድ ዐረፍተ ነገር ተጨመረላቸው።

ይርዳውና እማማ ድንቄ የደረሱት በዚህ መካከል ነው። ይርዳው የገመዱን አጥር ሲያይ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ማንም እንዳልሞተ የነገሩት ጨው ነጋዴዎች ናቸው፤ ደጋግመው እስኪነግሩት አላመነም። እማማ ድንቄ ክንዱን ይዘው አስነሡት።

ወደ ስብሰባው ክፍል ሲገቡ ሹሞቹ ሁሉ ነበሩ። ወይዘሮ አንጓችንም ነጋዴዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው፤ ማንም አልጠራቸውም፤ የሚከለክልም አልተገኘም። ይርዳው እኚህ ከባለወርቆቹ አንዷ ናቸው አለ።

ሊቀ አደራ ወንድይፍራው የእማማ ድንቄን ባዶ እግር አዩ። የዓሣውም ሽታ ደረሳቸው።

«ባለወርቆች እንዲህ አይመጡም» አሉ በለስላሳ ድምፃቸው።

«እንዴት ነው የሚመጡት?»

ሊቀ አደራው አሰቡ። መጥተው ስለማያውቁ የሚሉት አጡ።

እማማ ድንቄ ቀጠሉ። የወደቀው መያዣ የማን ነው ብለው ጠየቁ። የባለወርቆቹ ነው አሏቸው ወይዘሮ ትርንጎ፤ ሕጉን በደንብ ያውቁ ነበር። እንግዲያው የኔ ነው፤ እንዲነሣ እፈልጋለሁ፤ የዚችን ሴት እንጨት ስጧት አሉ። ሹሞቹ እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ። ባለወርቅ ከፈቀደች እሺ ማለት የሚጠበቅበት ሹም የለም፤ መጀመሪያ እሺ ያለ ከሌለ ደግሞ የሚጠየቅ የለም። ይህ ሲገባቸው ፊታቸው በራ። አቶ አሰጋኸኝ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። በሕይወታቸው አንድ ነገር ለመስጠት እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ሁሉም ተያይዘው ወደ መጋዘኑ ወረዱ።

የመጋዘኑ በር ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖት፣ እንጨት የሚገባው ከላይ ባለው የመቀበያ መስኮት ስለነበር፣ መቆለፊያውን መስበር ግድ ሆነ። ተከፈተ። እንጨቱ እስከ ጣሪያ ድረስ በሥርዓት ተደርድሯል፤ የየባለቤቱ ምልክት በየጫፉ ይታያል። ነጋዴዎቹ የወይዘሮ አንጓችን ምልክት ፈልገው የመጀመሪያውን አግዳሚ ጫፍና ጫፉን ያዙ። ሲያነሡት ቅርፊቱ በእጃቸው ቀረ። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። ከሥሩ ያለውም፣ ከጎኑ ያለው የሌላ ሰውም እንደዚያው ነው። አደራው እንዳለ ነበር፤ እንጨቱ ብቻ አልነበረም።

ወይዘሮ አንጓች ከቃሬዛው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ከትቢያው ዘገኑ። ያንን እንጨት አንድ በአንድ እያንኳኩ የመረጡ ሴት ናቸው።

«ስትከለክሉኝ የከረማችሁት ይህን ነው?» አሉ።

«አልከለከልንም፤ እየታየ ነበር» አሉ ሊቀ አደራው።

ይርዳው ካባውን አውልቆ ያኖረው ያን ጊዜ ነው። የት እንዳኖረው እንኳ አያስታውስም። እናቱ ሲሰሙ ለሁለት ቀን አላናገሩትም፤ በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ አንጓችን ሊጠይቁ ሾርባ ይዘው ሄዱ፤ ከዚያ ሲመለሱ ምን እንደተባባሉ ባይናገሩም ለልጃቸው እራት አቀረቡለት።

ወይዘሮ አንጓችና እማማ ድንቄ በፍርስራሹ መካከል ተቀምጠው ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንዷ ሌላዋን ጌታ ናት ብላ ስትፈራ ኖራለች፤ ፍርሃቱ ከሄደ በኋላ የቀረው ትንሽ ነገር ነበር። አዳራሹ ቆሞ እስኪሠራ ዕዳው ይታገሥ፤ ከዚያ በኋላ የሚከፈለው በታንኳ በቀጥታ ይምጣ ተባባሉ። የማዶ ሰዎች ከጫካቸው እንጨት ቆርጠው በሐይቁ ላይ እየጎተቱ አመጡ። ወታደሩ ካልሠራሁ ብሎ አስቸገረ። ይርዳው ጭቃ አቦካ፣ እንጨት ተሸከመ፤ ትከሻው ለዚህ አልተፈጠረም፤ ግን ለመደ። ኋላም ታንኳ ገዝቶ በሁለቱ ዳር መካከል ሰውና ዕቃ ማመላለስ ጀመረ። አዲሱ አዳራሽ ከቀድሞው ያነሰ፣ ዝቅ ያለ ነው። ወይዘሮ አንጓች በምርኩዝ እየሄዱ ያስተዳድሩታል።

የአደራ ቤትስ ተዘጋ ወይ ብላችሁ እንደሆነ አልተዘጋም። መጋዘኑ ተመልሶ ተቆለፈ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ስድስተኛ ሹም ተሹሟል፤ የምስጥ ሹም ይባላል። በሥራው የረጅም ዘመን ልምድ እንዳለው በየስብሰባው ይነገራል።

በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ ከአደራ ቤት አንድ መልእክተኛ ወደ ወይዘሮ አንጓች መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ዝናብ አበስብሶታል። የዚህን ዓመት የጥገና እንጨት ስላላስገቡ እንዲያስገቡ ታዘዋል አላቸው። ወይዘሮ አንጓች አልተቆጡም። ወንበር አስመጡለትና ተቀመጥ አሉት። ከዚያ በምርኩዛቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

«እዚያ አስቀምጬዋለሁ» አሉት።

መልእክተኛው ቀና ብሎ አየ። አዲሱ አግዳሚ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ከታች የተቀመጠው ጨው ደረቅ ነበር። ብዙ ሲያየው ቆየና ኮፍያውን አውልቆ ጨመቀ። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስም እዚያው ተቀመጠ።